የጭነት መኪና የሰዓት ገደብ ምንድን ነው?

መርካቶ ዕቃ ሲራገፍ ያየ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። አንድ አይሱዙ ሱቅ በር ላይ ይቆማል፣ ጫኝና አውራጆች ኩንታል ይሸከማሉ፣ ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጡሩምባ እየነፋ ይጠብቃል። የሰዓት ገደብ የሚባለው ከተማ ይህን ለማቃለል የሚያወጣው ደንብ ነው፤ ይህን ያህል የሚመዝን የጭነት መኪና በእነዚህ ሰዓታት በእነዚህ መንገዶች አይለፍ ይላል። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. የጭነት መኪኖች በቀን እንዳይንቀሳቀሱ ገደብ ጥላ ነበር።

ነገሩ የቆየ ነው። በጁልየስ ቄሳር ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ገደማ የወጣ ሕግ ጋሪ በቀኑ የመጀመሪያ 10 ሰዓታት ሮም ውስጥ እንዳይነዳ ከለከለ። ሮማውያን ቀኑን እንደ እኛ ከፀሐይ መውጫ ስለሚቆጥሩ፣ ክልከላው የሚያበቃው እኛም 10 ሰዓት በምንለው ጊዜ ነበር። የቤተ መቅደስ መሥሪያ ዕቃ የጫነና ቆሻሻ የሚያወጣ ጋሪ ግን ያልፋል። ቀን የተከለከለው ሌሊት መጣና ነዋሪው በመንኮራኩር ጩኸት እንቅልፍ አጣ።

እኔ ትልቁ ስህተት የሚመስለኝ ደንቡ ሾፌሩን ብቻ ማዘዙ ነው። ዕቃው መቼ ይምጣ የሚለውን የሚወስነው ባለሱቁ ነው። ባለሱቁ በሌሊት ካልከፈተ፣ ሾፌሩ በሌሊት ቢደርስ ምን ያደርጋል? በር ላይ አድሮ ይጠብቃል፣ ወይም በቀን ገብቶ ይቀጣል።

ኒውዮርክ ይህን በደንብ አስተውላለች። በፈረንጆቹ 2009 መጨረሻ ማንሃታን ውስጥ በተጀመረ ሙከራ፣ ዕቃቸውን ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ለመረከብ ለተስማሙ ሱቆችና ምግብ ቤቶች 2,000 ዶላር ማበረታቻ ተሰጠ። ክልከላ አልነበረም። መኪኖቹ ባዶ መንገድ አገኙ፣ ማቆሚያ ፍለጋ መዞርም ቀረላቸው። ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ግን ገንዘቡ ካለቀ በኋላ የሆነው ነው። ሠራተኛ አስመሽተው ዕቃ ይረከቡ የነበሩት በአብዛኛው ወደ ቀን ተመለሱ፤ የሠራተኛው የሌሊት ደመወዝ አላዋጣቸውም። ለሾፌሩ ቁልፍ ሰጥተው እሱ ራሱ ከፍቶ፣ አራግፎ፣ ዘግቶ እንዲሄድ ያደረጉት ግን በዚያው ቀጠሉ። ጠዋት ሲመጡ ዕቃው ቦታው ላይ ነው። እንግዲህ ሥራውን ያቆየው መተማመን ነው፤ እሱን ደግሞ የትራፊክ ፖሊስ በቅጣት አያመጣውም።

የሌሊት ጩኸቱስ? ኔዘርላንድስ ለዚህ ፒክ የተባለ መለኪያ አላት፦ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ማራገፍ ከ65 ዴሲቤል፣ ከዚያ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ከ60 ዴሲቤል እንዳይበልጥ። 60 የተራ ጭውውት ድምፅ ያህል ነው። ስለዚህ የጋሪው ጎማ፣ የመኪናው ወለል፣ መወጣጫው ሁሉ ድምፅ በሚውጥ ነገር ይሸፈናል። ለንደን በተቃራኒው ከ1985 ጀምሮ ከ18 ቶን በላይ የሆኑ መኪኖችን የምትገድበው በሌሊትና በሳምንቱ መጨረሻ ነው፤ ያስቀደመችው የነዋሪውን እንቅልፍ ነው።