ግንቡ ውስጥ ያለው የማያሚ ትምህርት ቤት፦ የሚወራውና እውነቱ

ልጃችሁ አሜሪካ ኮሌጅ ገብታ «አንድ ሴሚስተር አውሮፓ፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ ልማር ነው» ብትላችሁ ምን ትላላችሁ? ብዙ ወላጅ መጀመሪያ ይስቃል፤ ከዚያ «ስንት ነው?» ይላል። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ሉክሰምበርግ ውስጥ፣ ዲፈርዳንዥ በምትባል ከተማ፣ የማያሚ ዩኒቨርሲቲ የአውሮፓ ማዕከል አለ። የሚያስተምረው በ1577 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በተሠራ የመሳፍንት ግንብ ውስጥ ነው። ችግሩ፣ ግንብ ሲባል ወሬው ከእውነቱ ቀድሞ ይሮጣል።

«ማያሚ? ፍሎሪዳ ነዋ!»

አይደለም። ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ያለው ኦሃዮ ውስጥ፣ ኦክስፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በ1809 ሲመሠረት ፍሎሪዳ ገና በስፔን እጅ ነበረች። ፍሎሪዳ ያለው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አይገናኙም። ኦክስፎርዱም የእንግሊዙ አይደለም፣ እንዳትሸወዱ።

«ተማሪዎቹ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያድራሉ»

ግንቡ መማሪያ እንጂ መኝታ አይደለም። የማዕከሉ የቆየ ልማድ ተማሪዎችን ከአገሬው ቤተሰብ ጋር ማኖር ነው። የአገሩ ገዥ የግራንድ ዱኩ ቤተ መንግሥትም ዋና ከተማው ላይ ነው፤ ይሄኛው የመሳፍንት ቤት ነበር። ደግሞ ፕሮግራሙ በ1968 ሲጀመር ዋና ከተማው ውስጥ ነበር፤ ግንቡ ውስጥ የገባው በ1997 ነው። ገነተ ልዑልን ስድስት ኪሎ ያየ ሰው ግንብ ትምህርት ቤት መሆኑ አይገርመውም። እዚያም ንጉሥ የኖረበት ቤት ዛሬ ተማሪና ተመራማሪ ይመላለስበታል።

«ቱሪስት የሚጎርፍባት ውብ ከተማ ናት»

ይሄኛው ነው የሚያስቀኝ። ዲፈርዳንዥ የብረት ከተማ ናት። ደቡቡ የአገሪቱ ክፍል አፈሩ ቀይ ነው፤ የብረት ማዕድን አለበት። ግንቡ ራሱ ለረጅም ጊዜ በብረት ኩባንያ እጅ ነበር። ሰፊ ክንፍ ያለው የብረት ምሰሶ፣ ዛሬ ትልልቅ ሕንፃ የሚቆምበት ዓይነት፣ በ1902 መጀመሪያ በፋብሪካ ተመርቶ የወጣው ከዚህችው ከተማ ነው። ኒውዮርክ ላይ መንትዮቹ ሕንፃዎች ከወደቁ በኋላ የቆመው አዲሱ ሕንፃም የዲፈርዳንዥ ብረት አለበት። ፋብሪካው ዛሬም ይሠራል። ፖስትካርድ የጠበቀ ልጅ ሊከፋው ይችላል። በእኔ ግምት ግን ሠርቶ አደር ሰፈር መኖር፣ ቱሪስት መሀል ከመኖር ይሻላል።

«ስሙ የሆነ ቱጃር ስም ነው»

ማዕከሉ በጆን ዶሊብዋ ስም ነው የሚጠራው። ሰውዬው ሉክሰምበርግ ውስጥ በ1918 ተወለደ። በ1931፣ ገና ልጅ ሳለ፣ አባቱ ይዞት ኦሃዮ ገባ። ማያሚ ዩኒቨርሲቲን በ1942 ጨረሰ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ በአሜሪካ ጦር የመረጃ መኮንንነት ወደ ተወለደበት አገር ተመለሰ። ሞንዶርፍ ላይ፣ እስር ቤት በሆነ ሆቴል ውስጥ፣ ጎሪንግን ጨምሮ የናዚ ሹማምንትን መረመረ። በኋላ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለዓመታት ሠራ። ከ1981 እስከ 1985 ደግሞ በሉክሰምበርግ የአሜሪካ አምባሳደር ሆነ። ስደተኛ ልጅ፣ በተወለደበት አገር የሌላ አገር አምባሳደር! ልጆቻችን ቢያውቁት ደስ የሚል ታሪክ ነው።

«ፈረንሳይኛ ካልቻለች አትሄድም»

ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ውጭ ሲወጣ ሉክሰምበርግኛ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ነው። ዲፈርዳንዥ ዳቦ ቤት ውስጥ ፖርቱጋልኛ ብትሰማም አይግረማት፤ ፖርቱጋሎች ብዙ ናቸው።

«የሀብታም ልጅ ጨዋታ ነው»

ርካሽ ነው አልልም። ግን ማዕከሉ የዩኒቨርሲቲው የራሱ ስለሆነ ክሬዲቱ ይቆጠራል። የፌዴራል የትምህርት እርዳታም ዩኒቨርሲቲው ላጸደቀው የውጭ ፕሮግራም ይሠራል። የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን ገብታ ትጠይቅ። ትራንስፖርትም ከ2020 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ነፃ ነው፤ ባቡሩም፣ አውቶቡሱም፣ ትራሙም፣ ለእንግዳም ጭምር። የሚከፈለው ለባቡር አንደኛ ማዕረግ ብቻ ነው። ኪስ የሚያራቁተው ቅዳሜና እሁድ ፓሪስ ነው፣ ባርሴሎና ነው የሚባለው ነገር ነው።

«ግሪን ካርድ አላት፣ ቪዛ ምን ያደርግላታል?»

እዚህ ላይ ነው ጠንቀቅ የሚባለው። የአውሮፓ የጋራ ቪዛ ስሙን ያገኘባት ሸንገን የምትባለው መንደር ራሷ ሉክሰምበርግ ውስጥ ናት፤ ግሪን ካርድ ግን እዚያ ቪዛ አይሆንም። ሴሚስተር ከ90 ቀን ያልፋል። ስለዚህ የአሜሪካ ፓስፖርት ያላትም ብትሆን ከመነሳቷ በፊት የመቆያ ፈቃድ ያስፈልጋታል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘች ደግሞ በዚህ ላይ የረጅም ጊዜ ቪዛ ታወጣለች። አሜሪካ ያለችው በተማሪ ቪዛ ከሆነም የመመለሻዋን ታስብ፦ ቪዛዋ ጊዜው እንዳያልፍ፣ አይ-20 በሚባለው የተማሪነት ወረቀቷ ላይም የጉዞ ፊርማ እንዲኖር። የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ነው የሚፈርመው፤ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ይኬድ።