ገቨርመንት ክላስ ላይ ልጆቹም ወላጆቹም ሚስቱት

እዚህ ሜሪላንድ፣ ሞንጎምሪ ካውንቲ፣ የሃይስኩል ልጆች ሚወስዱት የገቨርመንት ክላስ ኤንኤስኤል ይባላል፣ ናሽናል፣ ስቴት፣ ሎካል ማለት ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የሃበሻ ልጆችን አስጠናለሁ፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ አብዛኛው ልጅ ከሶስቱ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ነው ሚመጣው። ዋይት ሃውስ፣ ፕሬዝዳንት፣ ቲቪ ላይ ሚጮሁት ሰዎች። ወላጅ ደሞ ከአገር ቤት ይዞት የመጣው የራሱ ግምት አለው፣ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ በቃ ጉድ ነው። ደጋግመው ሚያጋጥሙኝን ልጻፋቸው (አመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)።

"ፕሬዝዳንቱ ካዘዘ አለቀ"

የስህተቶች ሁሉ እናት ይሄ ነው። አንዱ ልጅ፣ ደሞ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ፕሬዝዳንቱ ገቨርነሩን (የስቴቱን መሪ ማለት ነው) ካልወደደው ለምን አያባርረውም ብሎ ጠየቀኝ። አይችልማ! ገቨርነሩን የመረጠው የስቴቱ ህዝብ ነው፣ ፕሬዝዳንቱ ሊሰድበው ይችላል፣ ፍርድ ቤት ሊገትረው ይችላል፣ ማባረር ግን አይችልም። አባትየው ጎናችን ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር፣ እሱ ሚያውቀው አስተዳዳሪ ከላይ ተሹሞ ሲወርድ ስለሆነ "እና ማነው አለቃው?" አለኝ። አለቃ የለውም፣ ምርጫ ነው ያለው። ሌላው ሚያምታታው ደሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚወጣው ከፓርላማው ነው፣ ስለዚ ህግ አውጪውና አስፈፃሚው አንድ ጎራ ይመስለናል። እዚህ ግን የኮንግረስ አባል ሆኖ ሚኒስትር መሆን አይቻልም፣ አንዱን መልቀቅ ነው። ህጉን ሚያወጡት 435ቱ የሃውስ እና 100ዎቹ የሴኔት ሰዎች ናቸው፣ ፕሬዝዳንቱ ቪቶ ቢያደርገው (አልቀበልም ብሎ ቢመልሰው) እንኳን ሁለቱም ቤቶች በሁለት ሶስተኛ ድምፅ ሊሽሩት ይችላሉ። ኤክዚኪዩቲቭ ኦርደርስ? አዎ ይፈርማል፣ ግን እሱ ለፌዴራል መስሪያ ቤቶች ሚሰጥ ትእዛዝ ነው፣ ከህግ ውጪ ከሄደ ዳኛ ያግደዋል።

ለተማሪው ዋናው ነገር ግን፣ ትምህርት ቤቱን ሚያስተዳድረው ዋሽንግተን አይደለም። ምን ይማራሉ ሚለውን ስቴቱና የካውንቲው ስኩል ቦርድ ናቸው ሚወስኑት፣ የአውቶቡስ መስመር፣ የትኛው ሰፈር የትኛው ሃይስኩል ይገባል ሚለው ሁሉ እዚሁ ነው ሚያልቀው። ስለ ፕሬዝዳንቱ አመት ሙሉ ሲጨቃጨቅ ሚውል ወላጅ የስኩል ቦርድ ምርጫ ላይ ባዶ ትቶት ይወጣል፣ እኔም ድሮ እንደዛ ነበርኩ አልዋሽም።

"18 እስኪሞላኝ ምንም ድምፅ የለኝም"

እዚህ ጋ ልጆቹ ይነቃሉ። በ1965 ዲሞይን፣ አዮዋ ውስጥ ሜሪ ቤት ቲንከር ምትባል የ13 አመት ልጅ ከወንድሟና ከሌሎች ተማሪዎች ጋር የቬትናም ጦርነትን በመቃወም ክንዷ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስራ ትምህርት ቤት ሄደች፣ ለጊዜው ከትምህርት አገዷት፣ ጉዳዩ ሱፕሪም ኮርት ድረስ ደርሶ በ1969 ልጆቹ 7 ለ 2 አሸነፉ። ትምህርቱን እስካልረበሸ ድረስ ተማሪ ሃሳቡን መግለፅ ይችላል ተባለ። ጠዋት ጠዋት ሚደገመው የባንዲራ ቃልም ግዴታ አይደለም፣ እሱ እንደውም ከ1943 ጀምሮ የተወሰነ ነው፣ ያውም በጦርነት መሃል፣ ያስወሰኑት ደሞ በሃይማኖታቸው ምክንያት ሰላምታ አንሰጥም ያሉ የይሖዋ ምስክር ቤተሰቦች ናቸው። አንዳንድ ወላጅ ይሄን ስነግረው ይቆጣኛል፣ "ልጄን አትረብሽብኝ፣ ይቁም ይበል" ይለኛል። ይቁም፣ እኔም እቆማለሁ፣ ግን ማስገደድ እንደማይችሉ ይወቅ ነው ምለው።

ገደብ የለውም ማለት ደሞ አይደለም። በ1985 የሱፕሪም ኮርት ውሳኔ መሰረት ትምህርት ቤቱ ቦርሳህን ለመፈተሽ ፖሊስ ሚያስፈልገውን ያህል ማስረጃ አያስፈልገውም፣ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ይበቃዋል። ስናፕቻት ላይ ከትምህርት ቤት ውጪ በፃፈችው ስድብ የተቀጣች አንዲት ተማሪ በ2021 እዛው ፍርድ ቤት አሸንፋለች፣ ግን ማስፈራራትና ቡሊ ማድረግ እዛ ውስጥ አይገባም፣ ልጆቹ ይቺን ክፍል መስማት አይፈልጉም።

ምርጫውስ? ሜሪላንድ ውስጥ 16 ላይ ቀድሞ መመዝገብ ይቻላል፣ 17 ላይ ደሞ እስከ ጠቅላላ ምርጫው ቀን 18 ሚሞላህ ከሆነ ፕራይመሪ ላይ (ፓርቲዎቹ እጩአቸውን ሚለዩበት ምርጫ) ትመርጣለህ። ታኮማ ፓርክ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለችው፣ ግማሹ ዘመዳችን ሚኖርባት፣ ከ2013 ጀምሮ ለከተማዋ ምርጫ 16 አመት ይበቃል። የካውንቲው ስኩል ቦርድ ላይ ደሞ በተማሪዎች ድምፅ ሚመረጥ አንድ ተማሪ ይቀመጣል፣ ለታይታ አይደለም፣ ስብሰባው ላይ ድምፅ ይሰጣል።

"አባቴ ሲትዝን ሆኗል፣ እኔ ግን ገና አፕላይ አላደረኩም"

ይሄን ስሰማ ልቤ ይመታል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ልጁ ሲትዝን ሆኖ ሳያውቀው ነው ያለው። ከየካቲት 27፣ 2001 ጀምሮ ሚሰራ ህግ አለ፣ ልጁ 18 ሳይሞላው ግሪን ካርድ ይዞ አሜሪካ ውስጥ ህጋዊ አሳዳጊው ከሆነ ሲትዝን እናት ወይ አባቱ ጋር ሚኖር ከሆነ በራሱ ጊዜ ሲትዝን ይሆናል። ፈተና የለ፣ መሃላ የለ። ሚጎድለው ማስረጃው ብቻ ነው፣ ፓስፖርት ማውጣት ወይም ሰርተፍኬት መጠየቅ። ግን 18 ከሞላው በኋላ ወላጁ ሲትዝን ቢሆን ልጁ አብሮ አይሄድም፣ ራሱ አፕላይ አድርጎ ፈተናውን ይፈተናል። ስለዚ "ቆይ ስራ ሲቀለኝ እሞላዋለሁ" ምትሉ አባቶች፣ የልጁን ልደት ካላንደር ላይ አይታችሁ ዘግዩ።

"ግሪን ካርድ ካለኝ እመርጣለሁ፣ ታክስ እከፍል የለ?"

ታክስ መክፈልና መምረጥ አይገናኙም። የፌዴራልና የስቴት ምርጫ ለሲትዝን ብቻ ነው፣ ታኮማ ፓርክ ለራሷ የከተማ ምርጫ ሲትዝን ያልሆነውንም ትፈቅዳለች፣ እሱ ግን ከከተማዋ አያልፍም። ኤምቪኤ (የመንጃ ፈቃድ መስሪያ ቤቱ) ሄዳችሁ ላይሰንስ ስታወጡ "ሲትዝን ነህ ወይ" ሚለውን ቶሎ ቶሎ የስ የስ እያላችሁ አትለፉት፣ በኋላ ሲትዝንሺፕ ስትጠይቁ ያቺ ክሊክ ተመዛ ትወጣለች፣ ከአገር እስከማስወጣት ትደርሳለች።

"ብዙ ድምፅ ያገኘ ፕሬዝዳንት ይሆናል"

አጭር ነው፣ አይሆንም። ከ538 ኤሌክቶር (ህዝቡን ወክለው ፕሬዝዳንቱን ሚመርጡ ሰዎች) 270 ያገኘ ነው ሚሆነው፣ በ2000 እና በ2016 በአገር ደረጃ ብዙ ድምፅ ያገኘው ሰው ተሸንፏል። ዲሲ ያሉት የአክስቶቻችን ልጆች ደሞ 3 ኤሌክቶር ያገኙት በ1961 ነው፣ ኮንግረስ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ህግ ላይ ሙሉ ድምፅ ሚሰጥላቸው ሰው የለም።

"ሰሌክቲቭ ሰርቪስ ማለት ልጄን ሊወስዱት ነው"

ሰሌክቲቭ ሰርቪስ ማለት ምናልባት ለውትድርና ቢፈለጉ ተብሎ ወንዶች ሚመዘገቡበት መስሪያ ቤት ነው። ባለፈው አንዲት እናት ከዛ የመጣ ደብዳቤ ይዛ መጣች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። በደርግ ጊዜ አፈሳ ያየ ሰው ነው፣ ወንድሟን ከመንገድ ላይ ነው የወሰዱት። ልጁ ደሞ "እኔ ሲትዝን አይደለሁም፣ አይመለከተኝም" ብሎ ደብዳቤውን ሊጥለው ነበር። ሁለቱም ተሳስተዋል። ምዝገባው ከ18 እስከ 25 ያለ ወንድን ሁሉ ማለት ይቻላል ይመለከታል፣ ግሪን ካርድ ያለውንም። ግን መመዝገብ ማለት መዝመት አይደለም፣ አሜሪካ በግዴታ ወታደር መመልመል ያቆመችው በ1973 ነው፣ እንደገና ለመጀመር ኮንግረስ ህግ ማውጣት አለበት። ሆን ብሎ ያልተመዘገበ ልጅ ግን በኋላ ሲትዝንሺፕ ሲጠይቅ ለምን ተብሎ ይጠየቃል። ይሄን ሁሉ ነገርኳት፣ ሁለቴ አስደገመችኝ፣ ከዛ ልጁን ስልክህን አውጣ አለችው፣ እዛው ጠረጴዛ ላይ ሲሞላ ከኋላው ቆማ እያንዳንዱን መስመር አስተርጉምልኝ አለችኝ።