የሱቅ ሠራተኞች ታብሌት፦ አፑን ስንሠራ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ለሱቅ ሠራተኞች የታብሌት አፕ ሊሠራ ሲታሰብ ስብሰባ የሚቀመጡት ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ፣ ሥራ አስኪያጁና ፕሮግራመሩ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሸጠው ሰው አይጠራም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚያ ይጀምራሉ።

«ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ እናድርገው»

ስክሪኑስ ሰፊ ነው፤ እጅ ግን የለም። ሻጩ በአንድ እጁ የጫማ ካርቶን ይዟል። 9ኛው ትውልድ አይፓድ 487 ግራም ነው፤ ማለትም ግማሽ ኪሎ ገደማ። ጠዋት አይታወቅም፣ ከሰዓት በኋላ ክንድ ያደክማል። 6ኛው አይፓድ ሚኒ 293 ግራም ብቻ ነው። በመደርደሪያ መሃል ለሚዞር ሰው ትንሹ ይሻላል፤ ትልቁ ካሸሩ ጋ ማቆሚያ ላይ ይቀመጥ። ጉግል ለአንድሮይድ የሚመክረው የሚነካ ቦታ ቢያንስ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለሱቅ እኔ ከዚያም አተልቀዋለሁ። ሥጋ ክፍል ያለው ሰው ጣቱ እርጥብ ነው፣ እርጥብ ጣት ደግሞ ስክሪኑን ያሳስተዋል።

«ዋይፋይ አለን፣ ኔትወርክ አያሳስበንም»

መብራት ሲጠፋ ታብሌቱ በባትሪ ይሠራል፤ የዋይፋዩ ሳጥን ግን አብሮ ይጠፋል። መጋዘን ውስጥማ መብራት እያለም ሲግናሉ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ አፑ ሽያጩን መጀመሪያ ታብሌቱ ላይ መዝግቦ፣ ኔትወርክ ሲመጣ መላክ አለበት።

ብዙዎች እዚህ ድረስ ይስማማሉ። ጉዱ ያለው ቀጥሎ ነው። ስቶክ ላይ 10 ጀሪካን ዘይት አለ እንበል። ኔትወርክ በሌለበት አንዱ ሻጭ 1 ሸጠ፤ ታብሌቱ «9 ቀረ» ብሎ ያዘ። ሌላዋ 2 ሸጠች፤ የእሷ «8 ቀረ» አለ። ኔትወርክ ሲመለስ ሁለቱም ቀሪውን ቢልኩ፣ ኋላ የደረሰው የፊተኛውን ይሽረዋል። መደርደሪያው ላይ ያለው ግን 7 ነው። ቆጠራ ሲመጣ «ማን ወሰደው?» ይባልና ሠራተኛው ይጠረጠራል። መላክ ያለበት ቀሪው ሳይሆን የተሸጠው ብዛት ነው፦ «1 ወጣ»፣ «2 ወጣ»። እያንዳንዱ ሽያጭ የራሱ መለያ ቁጥርም ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ መስመሩ ተቆራርጦ ሁለቴ የተላከ ሽያጭ ሁለቴ ይቀነሳል።

«በእንግሊዝኛ እንሥራው፣ አማርኛው በኋላ ይተረጎማል»

በኋላ የሚመጣው ትርጉም ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አንዱ «ሳሙና»፣ ሌላው «ሣሙና» ብሎ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። ፍለጋው ሰ እና ሠን፣ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን አንድ አድርጎ ካላየ «ዕቃው የለም» ይላል፤ ዕቃው ሻጩ አጠገብ ተደርድሮ። የአገልግሎት ማብቂያ ቀንም አለ። ከውጭ የመጣ ዕቃ ላይ የታተመው የፈረንጅ ቀን ነው፣ ሠራተኛው በሐበሻ አቆጣጠር ከመዘገበው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይመጣል። ቀን መሙያው ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ሰዓቱም እንዲሁ፦ የፈረቃ መግቢያ 3 ሰዓት ነው ሲባል አፑ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት እንዳይመስለው።

«ለደህንነት ሲባል ረጅም ፓስዎርድ ይኑር»

ደንበኛ ፊቱ ቆሞ 12 ፊደል የሚጽፍ ካሸር የለም። ጠዋት አንዱ ይከፍተዋል፣ ሁሉም በእሱ ስም እስከ ማታ ይሠራሉ። ከዚያ ቅናሹን የሰጠው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ስምን ነክቶ አጭር ፒን ማስገባት ይበቃል። ዕቃ ለመመለስና ዋጋ ለመቀነስ ግን የተቆጣጣሪው ፒን ይጠየቅ።

«ትንሽ ቢከብድም ሥልጠና ይፈታዋል»

የፋሲካ ዋዜማ የተቀጠረን ልጅ ማን ቁጭ አድርጎ ያሠለጥነዋል? አፑን ከመግዛታችሁ በፊት አይቶት ለማያውቅ ሠራተኛ ስጡትና አንድ ዕቃ ሽጦ እንዲመልስ ጠይቁት። እናንተ ዝም በሉ። ጣቱ የሚያመነታበት ቦታ ይስተካከል።