የቤዝቦል ካርድ ፊርማ በፖስታ ማሰባሰብ

አሜሪካ ውስጥ በቤዝቦል ካርድ ሰብሳቢዎች ዘንድ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ካርዱን ፖስታ ውስጥ ከትተው፣ ፎቶው ካርዱ ላይ ላለው ጡረተኛ ተጫዋች ቤቱ ድረስ ይልኩለታል። እሱም ፈርሞ ይመልስላቸዋል። ስታዲየም በር ላይ መጋፋት የለም፤ ለነጋዴ ብዙ ገንዘብ መክፈልም የለም። ከፊርማ ማሰባሰቢያ መንገዶች ሁሉ ጨዋው ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ካርዶቹ በ1880ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ይወጡ ነበር። በኋላ ተራው የማስቲካ ሆነ።

የሰብሳቢዎች ትልቁ ዓመት 1952 ነው። የብሩክሊኑ ማስቲካ አምራች ቶፕስ በዚያ ዓመት 407 ካርዶች ያሉት ስብስብ አወጣ። ከ311ኛው ጀምሮ ያሉት ዘግይተው ስለወጡ ገበያ አላገኙም። የተረፈውን ኩባንያው ከዓመታት በኋላ በጀልባ ወስዶ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ደፍቶታል ይባላል። 311ኛው የኒው ዮርክ ያንኪስ ቡድን ኮከብ የነበረው የሚኪ ማንትል ካርድ ነው። ከቅጂዎቹ አንዱ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። በፖስታ የሚሰበስብ ሰው ግን ዓይኑ ሌላ ላይ ነው። አንድ ሁለት ዓመት ተጫውቶ የተረሳው ተጠባባቂ ለእሱ ትልቅ ሰው ነው።

አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ወግ አለው። ሁለት ፖስታ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የላኪው አድራሻ ተጽፎበት፣ ቴምብር ተለጥፎበት፣ ታጥፎ ከካርዱ ጋር ይገባል። ደብዳቤው በእጅ ይጻፋል፤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ካርዱም ከሁለት ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከበዛ ላኪው ነጋዴ ይመስላል። የዘመኑ አንጸባራቂ ካርድ ቀለም አይዝም፤ ስለዚህ ከመላኩ በፊት ፊቱን በሕፃናት ፓውደር ቀስ አድርገው ያሹታል። መልስ በሳምንት ሊመጣ ይችላል፤ ዓመታት የሚፈጅም አለ። ከ2007 ጀምሮ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ዋጋ ቢጨምርም የሚያገለግል ቴምብር መሸጡ ለዚህ ጠቅሟል።

በመልካም ስም ከሚነሱት ፈራሚዎች መካከል የቦስተን ሬድ ሶክስ ቡድን ተጫዋች የነበረው ቦቢ ዶር አለ። በ2017 በ99 ዓመቱ ነው ያረፈው። 573 ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳው አሻግሮ የሚያስቆጥር ምት) የመታው ሃርመን ኪልብሩ ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል እንዲነበብ አድርጎ ይፈርም ነበር። የሚኒሶታ ትዊንስ ቡድን ወጣት ተጫዋቾችንም ስማችሁ ይነበብ እያለ ይመክር ነበር።

አንዳንዶቹ ለፊርማ ጥቂት ዶላር ይጠይቃሉ። ይህን ስስት የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል። ከ1980 በፊት አራት ዓመት ሳይሞላቸው ከሊጉ የወጡ ተጫዋቾች የጡረታ መብት አላገኙም። አነስተኛ ዓመታዊ ክፍያ የተፈቀደላቸው በ2011 ነው። ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት የሚያውሉም አሉ።

የሐሰት ፊርማ ጉዳይ ከባድ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ኤፍ.ቢ.አይ ሳን ዲዬጎን ማዕከል ባደረገ ምርመራ ትልቅ የአስመሳዮች መረብ በጣጥሷል። የዚያ መረብ ሥራ ግን የንግድ ገበያው ነበር። በፖስታ የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፤ አንዳንድ ታዋቂዎች በቤተሰብ ወይም በጸሐፊ እጅ ያስፈርሙ ነበር ይባላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰብሳቢ የመጣለትን ፊርማ በዚያው ሰው ከተፈረሙ ሌሎች ካርዶች ጋር ያስተያያል። የመልሱን ፖስታም አይጥልም፤ ማኅተሙ መቼና ከየት አካባቢ እንደተላከ ያሳያል።