ጃንጥላ የሌላቸው፦ የባሕር ፋይቶፕላንክተንና የፀሐይ ጨረር፣ ከገፈርሳ ዳር ሲታይ

ከአዲስ አበባ ወጥተው የአምቦን መንገድ ሲይዙ የገፈርሳ ግድብ ይገኛል። ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም የቀትር ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። መንገደኛው ነጠላውን ራሱ ላይ ጣል ያደርጋል፤ ያለው ደግሞ ጃንጥላ ይዘረጋል። ሰው እንዲህ የሚሸሸው ሙቀቱን ብቻ አይደለም። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል።

ውኃው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ፋይቶፕላንክተኖች ይንሳፈፋሉ። ብዙዎቹ በትምህርት ቤት ዋቅላሚ (አልጌ) እየተባሉ የተማርናቸው ናቸው። የባሕርና የውቅያኖስ ዘመዶቻቸው በምድር ላይ ከሚካሄደው ፎቶሲንተሲስ፣ ማለትም በብርሃን ምግብ ከመሥራት ሂደት፣ ግማሽ ያህሉን ይሠራሉ። ጣጣቸው እንጀራቸው ከፀሐይ መሆኑ ነው። ጨለማ ውስጥ ቢደበቁ ይራባሉ፤ ውኃው ገጽ ላይ ቢውሉ ይቃጠላሉ። በተለይ የሞገድ ርዝመቱ ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር የሆነው የአልትራቫዮሌት ክፍል፣ ዩቪ-ቢ፣ የዘር መረጃ በያዘው ዲኤንኤ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ፊደላትን ያጣብቃል። የተጣበቀ ፊደል ደግሞ አይነበብም፤ ሴሉም በትክክል መባዛት ያቅተዋል።

ቀላሉ መፍትሔ ዝቅ ማለት ነው። ዳይኖፍላጀሌት የሚባሉት ጅራፍ በመሰለ ጭራቸው እየቀዘፉ ይወርዳሉ። ፎቶሲንተሲስ ከሚሠሩት ባክቴሪያዎች፣ ከሳይኖባክቴሪያዎች፣ አንዳንዶቹ በውስጣቸው ያሉትን የአየር ከረጢቶች በመጨመርና በመቀነስ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ነፋስ ውኃውን ካመሰው ግን የት እንደሚውሉ የሚወስነው እሱ ነው። ጥልቀቱም እንደየውኃው ይለያያል። በጠራ ውቅያኖስ ዩቪ-ቢ ከ10 ሜትር በላይ ዘልቆ ይገባል፤ ደፍራሽ ውኃ ውስጥ አንድ ሜትር እንኳ አይደርስም።

መውረድ የማይችል ቅባት ይቀባል፤ ቅባቱን የሚሠራው ግን ራሱ ነው። ማይኮስፖሪን መሰል አሚኖ አሲዶች የሚባሉ ቀለም አልባ ውሕዶች አሉ። ከ310 እስከ 360 ናኖሜትር ያለውን ጨረር ውጠው ሙቀት አድርገው ይለቁታል። በአንታርክቲካ ባሕር የሚኖረው ፌዮሲስቲስ የተባለ ፋይቶፕላንክተን በዚህ የታወቀ ነው። ከቀይ የባሕር አልጌ የወጣው ዓይነት ደግሞ ሰው የሚቀባው የፀሐይ መከላከያ (ሰንስክሪን) ውስጥ ገብቷል። ሌላው መከላከያ በ1849 እ.ኤ.አ. የስዊስ የዕፅዋት ተመራማሪው ኔጌሊ የገለጸው ሳይቶኔሚን የተባለ ቡናማ ቀለም ነው። እሱን በብዛት የሚሠሩት ተንሳፋፊዎቹ ሳይሆኑ ድንጋይና አፈር ላይ የሚለጠፉት ሳይኖባክቴሪያዎች ናቸው። በከተማዋ ዳርቻ በአሮጌ የድንጋይ አጥር ላይ ዝናብ የሚወርድበትን ጥቁር መስመር አይተው ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የነሱ ሥራ ነው።

ለኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የትንንሾቹ ነገር ነው። በውቅያኖስ የሚኖረውን ፕሮክሎሮኮከስ የተባለ ሳይኖባክቴሪያ እንውሰድ። ስፋቱ 0.6 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ቀጭን ሰውነት ውስጥ ብርሃኑ የሚጓዘው መንገድ በጣም አጭር ስለሆነ ቅባቱ ሳይውጠው ያልፋል። በደንብ ይከላከል ቢባል ሴሉ በቅባት ብቻ መሞላት አለበት፤ ያኔ ለኑሮ ቦታ አይተርፈውም። ስለዚህ እንዲህ ያሉት ይበልጥ የሚተማመኑት በጥገና ነው። እንደ ልብስ ጠጋኝ ናቸው፤ ሲቀደድ ይሰፋሉ፣ ደግሞ ይቀደዳል፣ ደግሞ ይሰፋሉ።

ዋናው መርፌ ፎቶላይዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። የተጣበቁትን ፊደላት ያላቅቃል። ለዚህ ሥራ ጉልበት የሚያገኘው ከሰማያዊ ብርሃንና ከዩቪ-ቢ ረዘም ያለ ሞገድ ካለው ከዩቪ-ኤ ነው፤ ቀዳጁም ጠጋኙም ያው ፀሐይ ሆነ ማለት ነው! እኛ ሰዎች ይህን ኢንዛይም አጥተናል። የቀረን የተበላሸውን ቁራጭ ቆርጦ አውጥቶ አዲስ የመተካት ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ ፋይቶፕላንክተኖችም አላቸው፤ በጨለማም ይሠራል።

ብርሃን ሲበዛባቸው በደቂቃዎች ውስጥ ትርፉን ሙቀት አድርገው የሚያስወጡ ካሮቲኖይድ ቀለሞችም አሏቸው። ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶችን የሚያመክኑ ኢንዛይሞችም አይጠፉም።

ይህ ሁሉ ነፃ አይደለም። ለቅባቱ ናይትሮጅን ያስፈልጋል፣ ለጥገናው ጉልበት። ቅዝቃዜ ደግሞ ኢንዛይሞችን ያዘገያል። በአንታርክቲካ ሰማይ፣ ዩቪ-ቢን የሚያጣራው የኦዞን ጋዝ መሳሳት በ1985 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን ስጋት የገባው ለዚህ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በበረዶው ዳርቻ ባሕር የፋይቶፕላንክተን ምርት ከ6 እስከ 12 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ኦዞን የሚጎዱ ኬሚካሎችን የሚገታው የሞንትሪያል ስምምነት ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ተፈርሞ ነበር።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ወዳሉት ግድቦች ስንመለስ፣ ነገሩ በክረምት ይገለበጣል። ጎርፍ የጭቃ አፈር ተሸክሞ ይገባል። በተለይ ለገዳዲ በድፍርሱ የታወቀ ነው። ያን ጊዜ ጨረሩ ውኃው ገጽ ላይ ይቀራል፤ እዚያ ላሉት አልጌዎች የሚቸግራቸው የፀሐይ መብዛት ሳይሆን ማነስ ነው።