የሀብት ግብር ምንድን ነው? ከደመወዝ የሚቆረጠው አይደለም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ «የሀብት ግብርማ አለን፤ ሀብታሙ 35 ከመቶ እየከፈለ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ድሬዳዋ ውስጥ የድርጅት ሒሳብ ስሠራና ፔሮል ስዘጋ ዓመታት አስቆጥሬአለሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። 35 ከመቶው የገቢ ግብር ነው። የሚከፍለውም ሁልጊዜ ሀብታም አይደለም።

የሀብት ግብር የሚባለው፣ ሰውዬው ያለው ሁሉ ማለትም ቤቱ፣ አክሲዮኑ፣ የባንክ ተቀማጩ ተደምሮ፣ ዕዳው ተቀንሶ፣ በተረፈው ላይ በየዓመቱ የሚጣለው ነው። ያ ዓመት አተረፈ አላተረፈ አይጠየቅም። ስዊዘርላንድና ኖርዌይ አላቸው። ፈረንሳይ በአውሮፓውያን 2018 አጠቃላዩን ትታ በቤትና በመሬት ላይ ብቻ እንዲቀጥል አድርጋለች። እኛ ጋ የለም።

ደቻቱን፣ ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍለውን ወንዝ፣ የሚያውቅ ሰው ይህ ሊከብደው አይገባም። በበጋ ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር የሚሻገር ሰው ወንዙ ውስጥ የሚያየው አሸዋ ነው። ከተማዋ ግን የምትጠጣው ከሥር ያለውን ነው፤ ከሳቢያን ጉድጓዶች እየተሳበ ይመጣላታል። ገቢ ላይ ላዩን የሚፈሰው ነው፤ ሀብት ከሥር የተጠራቀመው። የገቢ ግብር የሚለካው ሲፈስ የታየውን ብቻ ነው። ወንዙ ደረቅ ነው ብሎ ውሃ የለም ማለት አይቻልም፤ ዛሬ ብዙ የፈሰሰለትም ሰው ነገ ጠብታ ላይኖረው ይችላል። ከሥር ያለው ውሃ ደግሞ ከደንገጎ ወዲያ ባለው ደጋ የዘነበ ነው፤ አሁን የሚቀዳው ሰው አላዘነበውም። ውርስም እንደዚያ ነው።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ አይሠራም። የጉድጓድ ውሃ ሲቀዳ ይቀንሳል። ሀብት ግን እየተቀዳለትም ያድጋል፤ የአንዱ ቤት ኪራይ ሁለተኛውን ያሠራል፣ የሁለቱ ኪራይ ሦስተኛውን።

አሁን ወደ 35 ከመቶው። አንዲት የማውቃት ነርስ ደመወዟ 15,000 ብር ሲገባ ደንግጣ ደወለችልኝ፤ «5,250 ሊቆረጥብኝ ነው?» አለች። አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ቀጥሎ ያለው 2,000 ብር 15 ከመቶ፣ ከዚያ 3,000ው 20፣ ሌላው 3,000 25፣ ቀጥሎ 4,000ው 30 ይቆረጥበታል። 35 ከመቶው የሚያርፈው ከ14,000 በላይ ባለችው 1,000 ብር ላይ ብቻ ነው። ሲደመር 3,200 ብር፤ ከደመወዟ 21 ከመቶ ገደማ። ጡረታው ሌላ ነው። በሬዲዮ የሰማኋቸው ሰው ሀብታም ብለው የቆጠሩት እሷን ነው። ሳቢያን ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይታ ከልጇና ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ግብሯ ገና እጇ ሳይገባ ፔሮል ላይ ይቀራል፤ መደበቂያም የላትም።

አከራይዋ ሦስት ቤት አላቸው። የቤቶቹ ዋጋ በጥቂት ዓመት ውስጥ እጥፍ ድርብ ሆኗል። ያ ጭማሪ ግን ቤቱ እስካልተሸጠ ድረስ ገቢ አይባልምና የገቢ ግብር አይነካውም። ኪራዩ በሠንጠረዥ «ለ»፣ ማለትም በገቢ ግብር አዋጁ የኪራይ ገቢ ክፍል፣ ይከፈልበታል፤ ውሉ ላይ የተጻፈው ግን እሷ ከምትከፍለው ግማሽ አይሞላም። ውሉን አሳይታኛለች። እንደዚህ ያለው ነገር ሥራዬ ላይ በየዓመቱ ያጋጥመኛል። ደግሞ አከራዩ ኪራዩን በሙሉ አሳውቀው ቢከፍሉ እንኳ የከፈሉት የገቢ ግብር ነው። ሦስቱን ቤቶች ራሳቸውን የገቢ ግብሩ አልነካቸውም።

ሌላው የሚያናድደኝ «ጂኒው ዝቅተኛ ነው፣ የሀብት ልዩነታችን ይህን ያህል አይደለም» የሚለው ነው። ጂኒ የእኩልነት ማጣት መለኪያ ነው፤ 0 ሁሉም እኩል ሲሆን፣ 1 ሁሉንም አንድ ሰው ሲይዘው ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት በመንግሥት ሪፖርት የወጣው ጂኒ ወደ 0.33 ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የሚለካው ግን ቤተሰቦች የበሉትንና የተጠቀሙትን፣ ማለትም ፍጆታን ነው። ባለ ሦስት ቤቱ ሰው ከነርሷ ሃያ እጥፍ እንጀራ አይበላም። በዚያ ላይ መጠይቅ ይዞ የሚዞር ሰው የትልልቅ ግቢዎች በር ቶሎ አይከፈትለትም። ስለዚህ ስለ ሀብት ልዩነት በዚህ ቁጥር መከራከር አይቻልም።

«ታዲያ በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስስ?» ለሚለኝ፣ ወደ ሀብት ግብር የተጠጋው እሱ ነው። ሆኖም ሙሉ የሀብት ግብር አይደለም። የሚያየው የከተማ ቤትንና የመሬት ይዞታን ነው፤ አክሲዮንና የባንክ ተቀማጭን አያይም። ዕዳም አይቀንስም። ቤቱን በባንክ ብድር የሠራና በጥሬ ገንዘቡ የገዛ እኩል ይከፍላሉ። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ታክስ የሚደረገው የመጠቀም መብቱ ነው፤ የዚያን ዋጋ መገመት ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም።

ይህን ሁሉ ስል የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። ሐረር ጁገል ውስጥ ወይም እዚህ ከዚራ፣ ከእናት አባታቸው በወረሱት አሮጌ ቤት የሚኖሩ፣ በጡረታ ብቻ የሚተዳደሩ እናቶች አሉ። ቤታቸው በወረቀት ሚሊዮኖች ያወጣል፣ ኪሳቸው ግን ባዶ ነው። ከባለ ሦስት ቤቱ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግፍ ነው። መኖሪያ የሆነውን አንድ ቤት እስከ ተወሰነ ዋጋ ነፃ ማድረግ ይቻላል። አለዚያም ግብሩ እየተመዘገበ ቆይቶ ቤቱ ሲሸጥ ወይም ወራሽ ሲረከበው ቢከፈል፣ እማማ በቁማቸው ከቤታቸው አይወጡም፣ ከተማዋም ድርሻዋን አታጣም።