የምንወዳቸው የልጆች ፊልም ገጸ ባሕርያት «መነሻ ታሪክ» የግድ ያስፈልጋቸዋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዊሊ ዎንካ፣ ክሩኤላ፣ ማሌፊሰንት፣ ሙፋሳ፣ በዝ ላይትይር፣ ሚኒየኖቹም ሳይቀሩ ሁሉም «እንዴት እንዲህ ሆነ?» የሚል ፊልም ተሠርቶላቸዋል። ፕሪኩዌል ይባላል። ከምናውቀው ታሪክ በፊት የሆነውን የሚተርክ ፊልም ማለት ነው። እነዚህን ፊልሞች አልጠላቸውም፣ እንዲያውም አንዳንዶቹን ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። ግን ስለ እነሱ ሲወራ እንደ እውነት የተያዙ ብዙ ነገሮች አሉ፣ እነሱን አንድ በአንድ ማንሳት እፈልጋለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ያለፈ ታሪኩ ካልተነገረ ገጸ ባሕርዩ ጥልቀት የለውም»

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚነገረው ነው፣ ከሁሉም በላይ የተሳሳተውም እሱ ነው።

በ1971 በወጣው ፊልም ላይ የቸኮላት ፋብሪካ ባለቤቱን ዎንካን የተጫወተው ጂን ዋይልደር ሥራውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ዎንካ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ እያነከሰ በከዘራ ይምጣ አለ። ትዕይንቱ እንዳለው ተቀረጸ። ዎንካ ከፋብሪካው በር ይወጣል፣ እያነከሰ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ሕዝቡ ጸጥ ይላል። ከዘራው ድንጋዩ መሀል ተሰክቶ ይቀራል። እሱ ሳያውቀው ያለ ከዘራ ጥቂት ይራመዳል፣ ከዚያ ወደፊት መውደቅ ሲጀምር ተገለባብጦ ብድግ ይላል። ጭብጨባ በጭብጨባ ይሆናል። ዋይልደር ለምን ይህን እንደፈለገ ሲጠየቅ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዎንካ እውነት ይናገር ይዋሽ ማንም አያውቅም የሚል መልስ ነው የሰጠው።

አስቡት እስኪ። ስለ እናቱ አልተነገረንም፣ ስለ አባቱ አልተነገረንም፣ ግን ሰውየውን በአንድ ደቂቃ ውስጥ አወቅነው፣ ፈራነውም ወደድነውም።

በ2005 የወጣው ሌላ ፊልም ደግሞ ለዎንካ አባት ፈጠረለት፣ ጣፋጭ የሚከለክል የጥርስ ሐኪም፣ ሮአልድ ዳል በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ጨርሶ የሌለ ሰው። በ2023 የወጣው ፊልም ደግሞ ይህን አባት ትቶ ቸኮላት የምትሠራ እናት ሰጠው። አሁን ዎንካ ሁለት የማይጣጣሙ ልጅነቶች አሉት። የ2023ቱ ፊልም ደስ የሚል ሙዚቃዊ ነው፣ ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ያ የዋህ ወጣት እንዴት አድርጎ ልጆች በቧንቧ ሲመጠጡ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ሰው እንደሚሆን አልነገረኝም። መነሻ ታሪክ ተብሎ ዋናው ጥያቄ ሳይነካ ቀረ።

አስማተኛዋ ሞግዚት ሜሪ ፖፒንስ ደግሞ በ1964ቱ ፊልም ላይ ፊት ለፊት ተናግራዋለች፦ እኔ ምንም ነገር አላብራራም። በነፋስ መጣች፣ በነፋስ ሄደች። ማን ጎደለብን አለ?

«ክፉ ሁሉ ልጅ ሳለ የቆሰለ ነው፣ ያንን ማሳየት ለልጆች ርኅራኄ ያስተምራል»

ሐሳቡ መልካም ነው፣ ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው። በ1961ዱ ካርቱን ክሩኤላ ከቡችሎች ቆዳ ካፖርት ማሠራት የምትፈልግ ሴት ናት፣ ይኸው ነው። ልጅ ይገባዋል። በ2021ዱ ፊልም ግን ያሳደገቻት እናት ውሾች ገፍተዋት ከገደል ወድቃ ትሞታለች። እሺ፣ ቁስል ተገኘ። ነገር ግን ይህችው ክሩኤላ ፊልሙ እስኪያልቅ አንድም ውሻ አትጎዳም፣ ጭራሽ መጨረሻ ላይ ቡችላ ስጦታ ትልካለች። ስለዚህ ያየነው የክፉዋን መነሻ አይደለም። ስሟን የተዋሰች ሌላ ሴት ነው ያየነው። (ልብሱ ግን የሚገርም ነው፣ በአልባሳት ኦስካር ወስዷል፣ ይገባዋልም።)

ማሌፊሰንት ትለያለች። የ2014ቱ ፊልም ቁስሏን ካሳየ በኋላ ድሮ የምናውቀውን የተኛችውን ልዕልት ታሪክ ራሱን ከሌላ ወገን እንደገና ይተርከዋል፣ መጨረሻውንም ይቀይረዋል። የተኛችውን ልጅ የሚያነቃት የልዑሉ መሳም ሳይሆን የማሌፊሰንት ነው። ማብራሪያ ሳይሆን አዲስ ታሪክ ስለሆነ ሠራ።

ደግሞ ርኅራኄ ለማስተማር ሁልጊዜ ሁለት ሰዓት አይፈጅም። የ1994ቱ ሙፋሳና ሲምባ ያሉበት ካርቱን ውስጥ የሙፋሳ ወንድም አንበሳው ስካር መጀመሪያ ሲታይ አንዲት አይጥ በመዳፉ ስር ይዟል። ሊበላት ነው። እየተጫወተባት ሕይወት ፍትሐዊ አይደለችም፣ እኔ ንጉሥ አልሆንም ይላታል። ቅናቱ፣ ብቸኝነቱ፣ ጭካኔው ሁሉ እዚያች አይጥ ላይ አለ። በ2024 የመጣው ፕሪኩዌል ስካርን ታካ የሚባል ልዑል፣ ሙፋሳን ደግሞ ወላጆቹን ያጣ የማደጎ ወንድም አድርጎ ብዙ ነገረን። ያቺን አይጥ የሚያህል ግን አላገኘሁበትም።

«ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የሚጠይቁት»

ልጅ ይጠይቃል፣ እውነት ነው። «ቶቶሮ እናት አለው?» ይላል። «ከየት መጣ?» ይላል። ግን ልጅ ሲጠይቅ ፊልም ይሠራልኝ ማለቱ አይደለም፣ መልሱን ራሱ መሥራት ጀምሯል ማለት ነው። ቶቶሮ ባለበት በ1988ቱ የጃፓናዊው ዳይሬክተር የሚያዛኪ ፊልም ሁለት እህትማማቾች በዝናብ አውቶቡስ ሲጠብቁ ያ ግዙፍ ፍጡር መጥቶ አጠገባቸው ይቆማል፣ ትልቋ ጃንጥላ ትሰጠዋለች፣ ጠብታው ጃንጥላው ላይ ሲያርፍ ድምፁ ደስ ይለዋል። ማን እንደሆነ ማንም አያብራራም። ልጁ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ለቀናት የሚያወራው ስለዚያ ነው።

ፕሪኩዌል የሚሠራው በአብዛኛው ትልልቆቹ ስለሚያስታውሱ ነው። በ1995 ቶይ ስቶሪን በሰባት ዓመቱ ያየ ልጅ ዛሬ ወላጅ ሊሆን ይችላል፣ ትኬት ቆራጩም እሱ ነው። የታወቀ ስም ለስቱዲዮ ከአዲስ ስም ይልቅ ለመሸጥ ይቀላል። ይሄ ነውር የለበትም፣ ግን በልጆቹ ባናሳብብ ጥሩ ነው።

«ስሙ ከታወቀ ገንዘቡ አይቀርም»

አይደለም። ሚኒየንስ በ2015 ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በዚያው ዓመት ግን የፒተር ፓንን ልጅነት የተረከው ፓን 150 ሚሊዮን ገደማ ወጥቶበት 130 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። የ2022ቱ ላይትይርም 200 ሚሊዮን ገደማ ፈጅቶ ወደ 226 ሚሊዮን ብቻ አገኘ፣ ከዚያ ላይ ሲኒማ ቤቶች ድርሻቸውን ሲወስዱ ኪሳራ ነው።

«እንግዲያው ፕሪኩዌል ሁሉ ከንቱ ነው»

ይሄም ስህተት ነው፣ እዚህ ላይ ልከራከር እፈልጋለሁ።

ሞንስተርስ ዩኒቨርሲቲ በ2013 ሲወጣ የሁለቱን ጭራቆች የማይክና የሳሊን የተማሪነት ዘመን ነበር ያሳየው። ማይክ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አስፈሪ መሆን። ያጠናል፣ ያነባል፣ ከማንም በላይ ይለፋል። ግን አያስፈራም። በቃ አያስፈራም። በአንድ ሌሊት ሐይቅ ዳር ብቻውን ቁጭ ብሎ ሳሊ ይመጣል፣ ማይክም አጥብቄ ከፈለግሁት ይሆናል ብዬ ነበር የሚል ነገር ይለዋል። ሳሊ ደግሞ ሁሉም ደፋር የሚመስለው እሱ ራሱ እንደሚፈራ ይነግረዋል። ከዚያ በኋላም ተአምር አይመጣም፣ ሁለቱም ከትምህርት ቤቱ ይባረራሉ፣ ከፖስታ ክፍል ሥራ ይጀምራሉ። ልፋት ሁልጊዜ የፈለግከውን እንደማያመጣ ለልጅ የሚናገር ፊልም ስንት አለ? ይህ ፊልም ማይክ ማን እንደሆነ ሊያስረዳኝ አልመጣም፣ ማይክ የራሱ ችግር ስላለበት ነው የመጣው። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ፊልም ያላየ ልጅ እንኳ ቁጭ ብሎ ያያዋል።

«ያለፈውን ለመናገር ሙሉ ፊልም ያስፈልጋል»

በ2007 የወጣውን የአይጡን ምግብ አብሳይ ፊልም ያየ አንቶን ኢጎን ያስታውሳል። ፊቱ የማይፈታ የምግብ ሐያሲ። አንድ ጉርሻ ይቀምሳል፣ ወዲያው ልጅ ሆኖ በር ላይ ቆሞ ይታያል፣ እንባ አቅርሯል፣ እናቱ ሳህን ታቀርብለታለች። ከዚያ ተመልሰን ብዕሩ ከእጁ ሲወድቅ እናያለን። ሴኮንዶች ናቸው። የቶይ ስቶሪ 2 አሻንጉሊት ጄሲም እንዲሁ ናት፣ የምትወዳት ልጅ አድጋ እንዴት አልጋ ስር እንደረሳቻት አንድ ዘፈን ሳያልቅ ተነግሮ ያልቃል። ስንቱን ትልቅ ሰው አስለቅሷል።

«አዲሱ የድሮውን አይነካውም»

ካልፈለግክ አትየው ይባላል፣ ግማሽ እውነት ነው። ግን በመጀመሪያው በ2001ዱ ሞንስተርስ ኢንክ ፊልም ማይክ ሳሊን ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ በመልኬ ትቀናለህ ይለዋል፣ በፕሪኩዌሉ ደግሞ የሚተዋወቁት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው። ትንሽ ነገር ናት፣ ልጅ ግን ይይዛታል፣ መልስም ይጠብቃል።

«ለልጅ ሲያሳዩ ከፕሪኩዌሉ መጀመር ነው፣ በቅደም ተከተሉ»

እባካችሁ እንዳታደርጉት። ሲ. ኤስ. ሉዊስ የናርኒያን የመጀመሪያ መጽሐፍ በ1950 አወጣ፣ የናርኒያን አፈጣጠር የሚተርከውን ደግሞ በ1955። ዛሬ ብዙ ጊዜ የኋለኛው ቁጥር አንድ ተብሎ ይታተማል። እዚያ ውስጥ በጫካው መሀል ያለው የመንገድ መብራት ከየት እንደመጣ ተብራርቷል፣ ማብራሪያውም ግሩም ነው። ግን አስቀድሞ ያነበበው ልጅ መብራቱን ሲያገኘው አይደነቅም። በወጡበት ቅደም ተከተል አንብቡለት፣ ፊልሞቹንም እንደዚያው አሳዩት። ሉሲ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ትገባለች፣ በካፖርቶቹ መሀል ታልፋለች፣ እግሯ ስር በረዶ ይንኮሻኮሻል፣ ዛፎቹ መሀል አንድ መብራት በርቶ ቆሟል። ማን እንደተከለው እሷ አታውቅም፣ ልጃችሁም ገና አያውቅም።